ለአሰልጣኙ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሌዊስቪል፣ ቴክሳስ
እሑድ፣ ማርች 2 ቀን 2025

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሽ ይገዙ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካሉበት ድረስ ይድረስዎት። ጤናዎት፣ ጉልበትዎት፣ ያ አስቸጋሪ ግራ ጆሮዎት እንዴት ነው? በስልክ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየጮኽሽ ጎረቤት ከምታስደነግጪ ጻፊልኝ ብለው ካዘዙኝ ወዲህ ይኸው ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኜልዎታለሁ። እኔ በስልኬ ጽፌ እልካለሁ፤ እርስዎ በእጅዎ ጽፈው፣ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሶልያና ጽሕፈትዎን አይታ «ይሄ ፎንት ነው?» አለችኝ። ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ በእጁ ይጽፋል ብላ አላመነችም።

እኛ ደህና ነን። ኃይሉ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ሳምንት፣ አንዳንዴም አሥር ቀን ይቆያል። እኔ ያው መጋዘኑ ውስጥ ነኝ፤ ካርቶን ስለይ እውላለሁ። ዘንድሮም ለመምጣት አልተሳካልኝም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮም» እያልኩ መጻፍ ራሴን እያሳፈረኝ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ሶልያና ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ ቁመቷ እኔን ሊያክል ትንሽ ቀርቶታል። ባለፈው መስከረም ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ ጀመረች። አንዷ ልጅ ከብርቱካን ከፍ የምትል ብጫ ኳስ ትወረውራለች፤ ሌላዋ በዱላ ትመታለች፤ የቀሩት በቆዳ ጓንት ለመያዝ ይሯሯጣሉ። ከምትመታዋ ልጅ ኋላ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን በብረት መከላከያ ሸፍና ኳሱን የምትቀበል አለች፤ ካቸር ይሏታል። ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። የእኔ ልጅ የምትፈልገው ያንን ቦታ ነው፤ ሌላ አትፈልግም።

አሰልጣኙ ግን ራይት ፊልድ ያቆማታል። ይህ ማለት ጋሼ፣ ኳስ እምብዛም የማይደርስበት የሜዳ ጥግ ነው። እዚያ ቆማ በጫማዋ ሣር ስትጭር ትቆያለች። እሱም ሁልጊዜ አይደለም፤ ጨዋታው ሲጋመስ አስወጥቶ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣታል። ትናንት ግጥሚያው አልቆ ስንመለስ ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ቤት ድረስ አልተነፈሰችም። ቀይ መብራት ላይ ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። ድምፅ የለውም። ያንን ለቅሶ አውቀዋለሁ።

ካቸሯ ኬሊ ትባላለች፤ የአሰልጣኙ የገዛ ልጅ ናት። እሱ ኮች ራንዲ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥራ መልስ በነጻ ነው የሚያሠለጥናቸው።

እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት የሴቶች መረብ ኳስ አሠልጥነዋል። በርዎን ያላንኳኳ የይርጋለም ወላጅ የለም። እባክዎ ይንገሩኝ፤ አንድ ወላጅ አሰልጣኝን እንዴት ነው የሚያናግረው? ልጄን አጫውትልኝ ማለት ነውር ነው? ዝም ካልኩ ደግሞ ልጄ ዝም ማለትን ከእኔ ትማራለች ብዬ እፈራለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
የወንድምዎ ልጅ ሰብለወርቅ


ይርጋለም
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወርቅ፤

ሰላም ለቤትሽ፣ ጤና ለባልሽ፣ እድገት ለሶልያና። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጆሮዬ ከጠየቅሽ፣ ቀኙም እንደ ግራው ሆኗል፤ ከእንግዲህ በመካከላቸው አድልዎ የለም።

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ዱላ የያዘች ልጅ ኋላ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ በእኛ አገር እብደት ነው፤ ያንቺ ልጅ ደግሞ ተለምኖ የሚገኝ ሹመት አድርጋዋለች። ቢሆንም ሜዳውን በሙሉ የምታየው እሷ ብቻ ናት ያልሽውን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ የምትመኝ ልጅ ጨዋታው ገብቷታል ማለት ነው። ኳስ ፊቷ ላይ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች ወይስ አትጨፍንም? ይህን አይተሽ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አሰልጣኝ ማለት ኩሩ ፍጡር ነው፤ ራሴን ስለማውቅ ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን ከተፍ ብሎ «ልጄን ለምን አታጫውታትም?» ሲለኝ፣ እውነት እንኳ ቢኖረው እንቢ የምልበትን ምክንያት ነበር የምፈልገው። ሽማግሌ ሲላክብኝ ግን ሌላ ነው። የመቶ አለቃ አሻግሬ ለልጁ ለእማዋይሽ የላካቸውን ታስታውሺ ይሆናል። ሦስት ሆነው መጡ፤ ወንበር ወጣላቸው፤ መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ መንገዱ መበላሸት ተጨዋወትን። የእማዋይሽ ስም የተነሳው ሊሄዱ ብድግ ሲሉ ነው። እኔም ሳልዋረድ፣ እነሱም ሳይለማመጡ፣ ልጅቷ በሚቀጥለው ግጥሚያ ገባች።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። ብቻሽን አትሂጂ። በግጥሚያ ቀን አትሂጂ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ላኪ። ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው፤ ሽማግሌ ያከብራል።

አንቺም በልጅነትሽ ኳስ ትወጂ ነበር። ስለ መምጣትሽ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። በሩ የሚታወቅ ነው።

ባለሽበት እጁ አይለይሽ።
አጎትሽ ይገዙ


ሌዊስቪል
እሑድ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025

ለማከብርዎት አጎቴ፤

ጌታ ዕድሜና ጤና ይጨምርልዎት። ምክርዎን ሳልጨምር ሳልቀንስ ፈጸምኩ። አሁን የሆነውን ልንገርዎትና መሳቅ ካማረዎት ይሳቁ፤ እኔ ገና አልሳቅኩም።

ከቸርቻችን ጋሽ ክብረትን ለመንኩ፤ በዕድሜም በጸሎትም የምናከብራቸው ሰው ናቸው። ድሮ አገር ቤት ዳኛ የነበሩትን አቶ ሙሉዓለምን ጨመሩ። እንግሊዝኛው ስለሚቀናው ስምዖን ሦስተኛ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ እንድረስ ተባባልን። ሦስቱም ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው መጡ። ሙቀቱ በላብ የሚያጠምቅ ነበር፤ ሌላው ወላጅ ሁሉ በቁምጣ ነው። ከሽቦ አጥሩ ውጭ፣ እጃቸውን ከፊታቸው አጣምረው በሰልፍ ቆሙ።

እኔ የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የኃይሉ እናት ሲያርፉ መርዶውን ይዘው ማለዳ ቤታችን የመጡት እነዚሁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በዚሁ ልብስ። ሶልያና በሩን ከፍታላቸው ነበር። አሁን ደግሞ ራይት ፊልድ ላይ ስለምትቆም ለአጥሩ ከሁሉም የቀረበችው እሷ ናት። ዞር አለች፤ አየቻቸው። ጓንቷን ጥላ ወደ እኔ ሮጠች።

«ማሚ፣ ዳዲ ነው? ዳዲ አክሲደንት አደረገ?»

«ኧረ አይደለም የኔ ልጅ፣ ዳዲ ደህና ነው።»

«ሶ ለምን መጡ እነሱ? ለምን ሱት ለበሱ?»

አላመነችኝም። ኦክላሆማ መንገድ ላይ ለነበረው ለኃይሉ ደወልኩ፤ አላነሳም፤ ደግሜ ደወልኩ። በሁለተኛው አነሳ። ድምፁን ስትሰማ እዚያው ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ልምምዱ ቆሞ ቡድኑ በሙሉ ያየናል። ጋሼ፣ ለልጄ ክብር ብዬ ያደረግኩት ልጄን በሰው ፊት አስለቀሳት።

ኮች ራንዲ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። ጋሽ ክብረት ስለ ቤተሰቡ ጤና ጀመሩ፤ ስለ አየሩ ቀጠሉ፤ አገሩ ስለተቀበለን አመሰገኑ። ስምዖን እየተረጎመ ያልበዋል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ቀስ ብሎ «ችግር ላይ ያለ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ጉዳዩ የልጅቷ ቦታ መሆኑን ሲረዳ መሬት መሬት አየ። አልሳቀብንም፤ ይህን ልመስክርለት። ስለ መጫወቻ ቦታ ከወላጅ ጋር እንደማይነጋገር፣ በዓመቱ መጀመሪያ ለሁላችንም በኢሜይል ሕጉን እንደላከ ነገረን። እኔ እንደሆንኩ አላነበብኩትም። «ልጅቷ ራሷ ትጠይቀኝ፤ እኔ አላስፈራም» አለኝ።

ሶልያና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ሁሉን ሰው ጠየቅሽ፤ አጎትሽን፣ ቸርቹን። እኔን አልጠየቅሽም» አለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ግጥሚያ ላይ ኬሊ ኳስ ሦስት ጊዜ አመለጣት። አባቷ በየጊዜው «ኢትስ ኦኬ ቤቢ» እያለ መልሶ ያስቀምጣታል። አጠገቤ ያሉ እናቶች ይንሾካሾካሉ፤ እሱም ይሰማል፤ ግድም አይሰጠው። ሰዎቹ አብሬያቸው የምናደድ መስሏቸዋል። ጋሼ፣ አልተናደድኩም። ቀናሁ። ሰው ምን ይለኛል ሳይል የገዛ ሥጋውን መሐል ሜዳ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጀምሬ አጠፋሁት። ለዛሬ ይቆየኝ።

አክባሪዎ ሰብለወርቅ


ይርጋለም
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወርቅ፤

የላይኛው ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ። መልሴ የዘገየው አንድም ኔትዎርክ ጠፍቶ ነው፤ አንድም የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሶልያናን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ «ያ ሽማግሌ የእናትሽ አጎት መርዶ አስመሰለብሽ» በያት። ሙሉ ልብሱን ሳነብ ስቄአለሁ፤ «ዳዲ ነው?» ያለችው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሰውየው ትክክል ነው። ትጠይቀው። ነገር ግን «ለምን አታጫውተኝም?» አትበለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አሰልጣኝን ወደ መከላከል ነው የሚወስደው። «ካቸር ለመሆን ምን ይቀረኛል?» ትበለው። ያኔ የቤት ሥራ ሊሰጣት ይገደዳል፤ የቤት ሥራ የሰጠ ደግሞ ማረም አለበት። ሲነግራት ዓይኑን ትየው። አንቺ ከመኪናሽ አትውረጂ።

የትምህርት ቤቱን ሜዳ አጥር አድሰውታል። የመረቡን ምሰሶዎች አረንጓዴ ቀብተዋቸዋል፤ ቀለሙ አያምርም፤ ድሮ ነጭ ነበሩ። ከሜዳው በስተግራ የነበረው የዋንዛ ዛፍ ተቆርጧል። ጉልበቴን ዳገቱ ያስቸግረዋል እንጂ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። አሁን የሚያሠለጥነው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ፊሽካ ያበዛል። ሰርቪስ ላይ ልጆቹን አያርማቸውም። ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

የልጅቷን ፎቶ ከነብረት መከላከያዋ ላኪልኝ።

አጎትሽ ይገዙ


ሌዊስቪል
እሑድ፣ ጁን 1 ቀን 2025

ለአጎቴ ለጋሽ ይገዙ፤

ሰላምዎት ይብዛልኝ። ሶልያና ጠየቀችው።

እንዳሉኝ ከመኪና አልወረድኩም፤ መስኮቱን ግን ዝቅ አድርጌ ነበር። አሰልጣኙ ኳሶቹን ወደ ከረጢት እየከተተ ነው። አጠገቡ ሄዳ ቆመች፤ ተመልሳ ልትመጣ አንድ እርምጃ ወሰደች፤ እንደገና ዞረች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እሱ ከረጢቱን አስቀምጦ በርከክ አለና በጣቱ አፈሩ ላይ ሥዕል እየሣለ አስረዳት። ስትመለስ በሩን ከመዝጋቷ በፊት መናገር ጀመረች።

«ማሚ፣ ዓይኔን ክሎዝ አደርጋለሁ አለኝ። ኳሱ መሬት ሲነካ። ኤንድ ውርወራዬ ስሎው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ ነይ አለኝ። ማሚ፣ ሂ ሰይድ ማንም ጠይቆት አያውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ፈረቃዬን ቀይሬ ከሥራ መልስ አፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ላይ እወረውርላታለሁ። ዓይኗን ትጨፍናለች ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ አዎ፣ ትጨፍን ነበር። አሁን ቀንሳለች።

እንግዲህ ልጄ አሰልጣኟን ከጠየቀች እኔም የእኔን ልጠይቅ። ሁለት ወር ሙሉ እየጻፍኩ ሳጠፋው ቆይቻለሁ።

ጋሼ፣ እኔ ለምን አልተጫወትኩም?

በእኛ አቆጣጠር በ1991 ሐዋሳ ለውድድር ስንሄድ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ማሊያ ሰጡኝ፤ ቁጥሬ ዘጠኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰውነቴን አሟሙቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻው ግጥሚያ ለመቺዎች ኳስ የምታነሳው ልጅ እግሯ ዞረ። ተነሥቼ ሹራቤን አወለቅኩ። እርስዎ በእኔ በኩል አይተው፣ አልፈውኝ፣ እማዋይሽን አስገቡ። እማዋይሽ ኳስ አንሥታ አታውቅም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

መጋቢት ላይ የመቶ አለቃ አሻግሬን ሽማግሌዎች ሲያነሱብኝ «ወንበር ወጣላቸው» ብለው ጻፉ። ወንበሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ የምኖረው ቤትዎ ነበር፤ የምበላው ከእርስዎ ገበታ ነው። ሦስቱ ሰዎች ለሌላ ሰው ልጅ ሲናገሩ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ለእኔ ማን ይላክልኝ? ሽማግሌ ሆኖ አሰልጣኙ ዘንድ የሚሄድልኝ ሰው አሰልጣኙ ራሱ ነበር።

ከሐዋሳ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካሁም። ምናልባት አልችልም ነበር ይሆናል፤ እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያሳመንኩት። ካልቻልኩም ይንገሩኝ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።

ሰብለወርቅ


ሌዊስቪል
እሑድ፣ ጁን 29 ቀን 2025

ጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? ሃያ ስምንት ቀን ሆነ። ደብዳቤው እንደደረሰዎትና እንዳነበቡት ስልኬ ያሳየኛል። ታመው እንዳይሆን ብዬ ጎረቤትዎ ዘንድ ደውዬ ነበር፤ ደህና ነዎት፣ ሜዳም ይሄዳሉ አሉኝ። ደህና ከሆኑ ይበቃል።

ባልጠይቅዎት ይሻል ነበር ይሆናል። ባለውለታዬ ነዎት፤ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረው የላኩኝ እርስዎ ነዎት። የልጅ ነገር ነው ብለው ይተዉት።

ትናንት ዴንተን ላይ ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ካቸር ሆና ገባች። የተጫወተችው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ነው። አንዱ ኳስ አመለጣት፤ ወደሚቀጥለው ምልክት የምትሮጠውን አንዷን ተጋጣሚ ግን በውርወራዋ ከጨዋታ አስወጣች። ኬሊ ከአግዳሚው ተነሥታ አጨበጨበችላት። እኔ እልል ማለት አምሮኝ አፌን በእጄ ያዝኩ። ኃይሉ መንገድ ላይ ነው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ሳስብ መጀመሪያ የመጡብኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁንም እርስዎ ነዎት። ይህን ብቻ ይወቁልኝ።

ሰብለወርቅ


ይርጋለም
ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወርቅ፤

ፈጣሪ ይህን ለመጻፍ አቅም ስለሰጠኝ ይመስገን። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ። አንደኛው ላይ ምክንያት ደረደርኩ፤ ሁለተኛው ላይ አንቺን ወቀስኩ፤ የቀሩት ሁለቱም ውሸት ነበሩ።

ትችዪ ነበር። ኳስ በማንሳት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ካሠለጠንኳቸው ልጆች የሚስተካከልሽ አላገኘሁም። ይህ ዛሬ ገና የገባኝ ነገር አይደለም፤ ያኔም አውቀው ነበር። አውቄ ነው ያስቀመጥኩሽ።

ቡድኑ ውስጥ በገባሽ ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «መምህር ይገዙ ቡድኑን የቤተ ዘመድ ማኅበር ሊያደርገው ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ዛሬ ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲጠፋብኝ እንኳ እሱ አልጠፋም። ከዚያ ቀን በኋላ አንቺን ባየሁ ቁጥር ሰዎቹ ነበሩ የሚታዩኝ። ሐዋሳም ሹራብሽን ስታወልቂ አይቻለሁ። ሰው ምን ይላል የሚለውን አንድ ጊዜ አሰብኩ፤ አንቺ ምን ትያለሽ የሚለውን አላሰብኩም። ቤቴ ነሽ፤ የትም አትሄጂም ብዬ ነው።

ዙሩን ተሸነፍን፤ ግጥሚያውንም ተሸነፍን። እኔ ግን ስም አተረፍኩ። ጡረታ ስወጣ በምስክር ወረቀቴ ላይ «የማያዳላ» ብለው ጻፉልኝ። እንግዳ ሲመጣ አሳየው ነበር። ያ ስም የተገኘው ካንቺ ላይ ተወስዶ ነው።

ያ ራንዲ የምትዪው ሰው ልጁን እዚያ ማስቀመጡ ልክ ነው አልልሽም። ሁለታችንም አጥፍተናል። እሱ ግን ልጁን ስለወደዳት አጠፋ። እኔ አንቺን እየወደድኩሽ ራሴን መረጥኩ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ባታደርጊልኝም መጻፍሽን አታቋርጪ። ከአንቺ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም፤ ይህን ለማባበል አይደለም የምነግርሽ።

የምትሸሽጊው ለቅሶ አውቶቡሱ ውስጥ ይታየኝ ነበር። በመስታወቱ አየሁሽ። ዝም አልኩ።

አጎትሽ ይገዙ


ሌዊስቪል
እሑድ፣ ጁላይ 27 ቀን 2025

ለምወድዎት አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ትናንት ጠዋት ሜዳው አጠገብ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ይቅር ብያለሁ ብዬ ወዲያው ልጽፍልዎት ነበር፤ ግን አንዴ እውነት ተባብለናልና ልቀጥልበት። ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ደስም ብሎኛል። «ትችዪ ነበር» ያሉትን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ሃያ ስድስት ዓመት አልችልም እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ እንዳልሆንኩ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ይቅርታው እየመጣ ነው፤ መንገድ ላይ ነው ይበሉ።

ሶልያና መስኮቱን አንኳኳች። «ዋይ አር ዩ ክራይንግ?» ስትለኝ ነገርኳት፤ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰምታ «ሶ አጎትሽ አፖሎጃይዝ አደረገ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ዛትስ ሃርድ» አለች። ከዚያ «በይ ነይ፣ እየጠበቁን ነው» ብላ እጄን ጎተተችኝ።

ለካ በየዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ከልጆቹ ጋር ይጋጠማሉ። አላወቅኩም ነበር፤ ይህም ኢሜይል ውስጥ ነበር አሉኝ። ኮች ራንዲ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወላጆቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። እኔ ጋ ሲደርስ «የት መጫወት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዞር ብዬ ልጄን አየኋት። ሶልያና ከብረት መከላከያዋ ውስጥ ሆና «ማሚ፣ ጀስት ንገሪው» ብላ ጮኸችብኝ። የቦታዎቹን ስም ደህና አድርጌ አላውቃቸውም፤ «ኳስ የሚበዛበት» አልኩት። ሳቀና ጻፈ። ስሜን ጠርቶ አስገባኝ።

የመጀመሪያው ኳስ በእግሮቼ መሐል አለፈ። ሁለተኛው ወደ ላይ ጎነ። ከበላዬ ሲመጣ ጓንት እጄ ላይ እንዳለ ረሳሁት፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ በጣቶቼ ገፍቼ አነሣሁት፤ ልክ መረብ ኳስ ላይ ለመቺ እንደሚነሣ። የዚህ ኳስ ድንጋይነት! አጠገቤ የቆመችው የኬሊ እናት ከአየር ላይ ቀለበችው፤ መሬት ሳይነካ ስለተያዘ ዱላ የያዘችው ልጅ ከጨዋታ ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቀለበት ጣቴ አብጦ ቀለበቴን በሳሙና ነው ያወለቅነው። አራት ዙር ተጫወትኩ። ማንም አላስወጣኝም።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ዛሬ ቸርች ተቀምጬ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ሰው ሲሰጡት አይጠግብም መሰለኝ። ስሜን የጠራው ኮች ራንዲ ነው፤ አጠራሩም ልክ አይደለም፤ «ሴብል» ነው የሚለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ግን ከሜዳው ስወጣ የጠራኝ እርስዎ በሆኑ ብዬ ተመኘሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሰብለወርቅ


ይርጋለም
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወርቅ፤

ሰላምታውን ዛሬ ላሳጥረው። ጣትሽን በሞቀ ውኃ በጨው ዘፍዝፊው፤ አትሺው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል፤ ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ መረቡንም አንሥተውታል። እኔ ከምቆምበት ቦታ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆምኩ። ከዚያ ስምሽን ጠራሁ። ድምፄ ምን ያህል እንደሆነ አይሰማኝም፤ ጮክ ያለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጥበቃው ከጎጆው ወጥቶ በዝናብ እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ ማንን ነው የሚጠሩት?» ሲለኝ ከከንፈሩ አነበብኩ።

«ተቀያሪ እያስገባሁ ነው» አልኩት።

አጎትሽ ይገዙ